የድሮ ማዳሜ ቤት በእንግድነት ሄጄ

ዛሬ አል ዓይን፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር፣ አምስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት በሠራሁበት ቤት እንግዳ ሆኜ ሄጄ፣ የሻይ ብርጭቆ ሰብስቤ ወደ ኩሽና ስገባ ተያዝኩ!

«ተቀመጪ! ዛሬ እንግዳ ነሽ» አለችኝ ማዳም፣ ከእጄ ነጥቃ።

ከዚያ ቤት የወጣሁት ተኳርፈን ነበር። «ኸላስ! በቃ! ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም» ብዬ በሩን ወርውሬ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

አሁን አቡ ዳቢ ልብስ ቤት ነው የምሠራው። ትናንት ማዳም ደውላ «ልጄ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ነው፤ ዘሃራን ሳላይ አልሄድም ብላለች» ስትለኝ ኩራቴ ወዴት እንደገባ እንጃ።

አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ያቺው ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ቁመቷ በልጦኛል። አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ንግግሩ ጠፍቶኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የአሁኗ ሠራተኛ የደሴ ልጅ ናት። ቀስ ብላ ጠጋ አለችና «ሩዝ ባሳረርኩ ቁጥር ማዳም ‹ዘሃራ እንዲህ አታደርግም ነበር› ትለኛለች» አለችኝ።

እኔ? ሳላሳርር ያወጣሁት ሩዝ እኮ በጣት የሚቆጠር ነው! ስሜን ላስከብር ብዬ ዝም ልል ነበር፤ አሳዘነችኝና እውነቱን ነገርኳት። ማዳም እስክትመጣብን ድረስ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እናንተስ፣ ተኳርፋችሁ ወደ ወጣችሁበት ሥራ ቤት ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? ማን በሩን ከፈተላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።