አባቴ ብቻ የሚያውቀው የደሴት አፈር

እናቴ አማርኛ የተማረችው ከወታደር ሚስቶች ነው። ስልጤ ተወልዳ፣ ዙሉን ከሱቅ ደንበኛ፣ አማርኛን ከባሕር ኃይል ጦር ሰፈር የለቀመች ሴት በምንኖርበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ፣ ከእሷ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ ዘብ እንደሚቀይር ሰው ነበር፤ «ተነሺ፣ ተራሽ ነው!» ትላለች። ምሳ ላይ ከዘገየሁ «ራሽን አልቋል» ትለኛለች። እኔ ጆሃንስበርግ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝና አማርኛ የተፈጠረው ለትዕዛዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አበሻ ጓደኛ አግኝቼ እናቷ «የኔ ቆንጆ፣ ብዪ እንጂ» ስትላት ስሰማ በቅናት ምግቡ አልወርድ አለኝ።

ጦር ሰፈሩ የነበረው ቀይ ባሕር ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ደሴቷ» ከተባለ ይበቃል። ትምህርት ቤት መምህሯ የምታውቁትን ደሴት ጥቀሱ ስትለን እጄን አውጥቼ «አባቴ የኖረባት» አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ምኑ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባቴ የደሴቷን ታሪክ የሚያወራው ሱቃችን ውስጥ ዳቦ ሲደረድር ነበር። ሱቁ የቤታችን ጋራዥ ነው፤ ዳቦ፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ፣ ፓራፊን የሚሉት ላምባና ሳሙና ይሸጥበታል። በእሱ አተራረክ መጀመሪያ ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ ሰዎች ነበሩባት። ቀጥሎ ጣሊያን መጥቶ እስር ቤት አደረጋት። ሙቀቱ ራሱ ዘበኛ ስለሆነ ጣሊያን ለበሩ ቁልፍ አልገዛም ይል ነበር። ከዚያ የእኛ ባሕር ኃይል ገባ፤ ከባሕር ኃይሉ ጋር የራሺያ መርከቦች፣ ከመርከቦቹ ጋር ሞተር የሚጠግኑ ወጣቶች፣ ከወጣቶቹም አንዱ እሱ። ስለ ቁልፉ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። አባቴ ወሬ ላይ ጨው አይቆጥብም።

እናቴ እዚያ የሄደችው ሙሽራ ሆና ነው። አባቴ ፈቃድ ወጥቶ አገባትና ይዟት ተመለሰ። ጭጋግ ከሚተኛበት መንደር በጭነት መኪና ቁልቁል ወርዳ ባሕሩን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማዶው የማን ነው?» ብላ ነው። ከጓዟ ጋር እናቷ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችላት የእንሰት ችግኝ ነበር። ጓሮ የሌለው ቤት ቤት አይደለም ተብላ ያደገች ልጅ ስለሆነች በደረሰች ማግስት ዶማ ለምና መቆፈር ጀመረች። ደሴቷ ግን ባሕር የተወው የዛጎል ድንጋይ ናት። ዶማው እሳት ይተፋል እንጂ አይገባም። ወታደሮቹ ከበው ሳቁባት፤ አንዱም «ሙሽሪት፣ ባሕር ላይ ጓሮ ያለው ሰው የት አየሽ?» አላት። ችግኙ ባልዲ ውስጥ ጥቂት ሰነበተና ጨው በላው።

ይህን ስታወራልኝ አታዝንም ነበር። እንዲያውም ስለ ደሴቷ ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል፤ ትዕዛዙ ሁሉ ይጠፋል። ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ጣሪያ ላይ ይተኛል፤ ጠዋት አንሶላው በጨው ነጥቶ ደርቆ ይገኛል። ፍየሎቹ ካርቶን ይበላሉ። በነፋሱ ወራት አቧራው ከማዶ ይመጣና ባሕርና ሰማይ አንድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ጦር ሰፈሩ ከነቆርቆሮው አየር ላይ የቆመ ይመስላል፤ መርከቦቹም ከደመና ውስጥ ይወጣሉ። እኔ ይህን እየሰማሁ በመስኮታችን ከማዶ ያለውን የቆርቆሮ ሰፈር፣ የዛንድስፕሩትን ጭስ አያለሁ። ልጅ ሳለሁ ጭሱ ሲገለጥ ከበስተኋላው ባሕር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያ ተወልዶ፣ አርባ ቀኑ ሳይሞላ እዚያው ሞተ። ወንድ ነበር። ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን አይወራም። በእኛ ዘንድ ሴት ጀናዛ አትከተልም። ወንዶቹ ይዘው ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ። እናቴ ደግሞ አፈር አልብሶ የመጣን ሰው የት አስቀመጥከው ማለት በአላህ ሥራ እንደመግባት ነው ተብላ ነው ያደገችው። አልጠየቀችም። የሞቱ ወታደሮች የሚያርፉት ከሰፈሩ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ስለሆነ እሱም እዚያ ነው አለች በልቧ። በየቀኑ ወደ ጉብታዋ ዞራ ፋቲሃ ትቀራለት ነበር። ጦርነቱ በእኛ ጦር ሽንፈት ሲያበቃ ሰፈሩ በአንድ ጀምበር ተበተነ፤ ሁለቱ ባገኙት ጀልባ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ከዚያ አገር ቤት፣ ከአገር ቤት እዚህ።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ በዚህ አገር ክረምት፣ አባቴ ታመመ። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ብርሃኑ ማር ይመስላል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጥሩምባ ካልነፉ የማይሄዱት ታክሲዎች እንኳ ዝም ብለዋል። ክሊኒክ ሄደን ምርመራ ተደረገለት፤ ትንፋሹ ካልከፋ ቤት ይቆይ ተባለ። ተከራይ የለቀቀው የጓሮ ክፍል ውስጥ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። እናቴ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ከበሩ ፊት ተቀመጠች። ምግቡን መሬት ላይ አስቀምጣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ እሱ በሩን ከፍቶ ይወስዳል። በጭንብሉ ላይ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

ጎረቤታችን ጎጎ፣ በዙሉ አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ባዕድ ባለሱቅን ሁሉ እንደሚጠራው እኛን «ማይ ፍሬንድ» ብላ የማታውቅ፣ እንደ ሰው የምትጠራን አሮጊት፣ በአጥሩ ላይ መራራ ቅጠል አቀበለችን። «ኡንጃኒ ኡባባ?» አለች፤ አባትሽ እንዴት ነው ማለቷ ነው። በሱ እንዲታጠን ነገረችን። እናቴ ቅጠሉን አሽታ «ይሄማ የእኛ ጭቁኝ ነው!» ብላ ደነገጠች። ቀኑን ሙሉ እያሸተተችው ዋለች።

አባቴ ትኩሳቱ ሲነሳ ወደ ደሴቷ ይሄዳል። የሱቁ ፍሪጅ ሲያጉረመርም «ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል» ይላል። ጠዋት ጠዋት «ውሃ የሚያመጣው መርከብ ዘገየ እኮ» ብሎ ይጨነቃል። እናቴም እንደ ዋዛ «ይመጣል፣ አይዞህ» ትለዋለች። እዚያ ሳጥን ላይ ሆና፣ በክረምት ፀሐይ፣ በጭቁኝ ሽታ፣ በበሩ በኩል ሁለቱ እንዲህ ሲነጋገሩ እኔ ብቻ ነበርኩ ኮዝሞ ሲቲ የቀረሁት።

የአበሻ ነጋዴ ከሞላበት ከጄፒ ወሬ ይመጣል፤ እገሌ ሞተ፣ ሳይታጠብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀበረ፣ ወንድሙ እንኳ አላየውም። አንድ ጠዋት እናቴ ሎሚ እየቆረጠች ስልኬ ላይ የመጣውን ይህን ወሬ ሰማች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባትሽ ከሄደ ልጄን ማን ያውቀዋል?» አለች።

«የቱን ልጅ?»

«የደሴቷን። ጉብታው ላይ መሆኑን እንኳ የነገረኝ የለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ተናደድኩ፤ በጣም። «ኢሽ፣ እማ! ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ እየተኛችሁ አንድ ጥያቄ?»

«እኔ ልጠይቀው አልችልም» አለች። «አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። ያንቺ እንደ ነውር አይቆጠርም።»

ስድብ ይሁን ምርቃት አላወቅኩም፤ ሄድኩ። ግን በሩ ጋ ስደርስ የዚህ አገር ልጅነቴ ከዳኝ። ስለ መርከቦቹ ጠየቅኩት። ነገረኝ። ስለ ጣሊያን ጠየቅኩት፤ እሱንም ነገረኝ፤ የበሩን ቁልፍ ሳይረሳ። ስለ ሞቱት ወታደሮች ልጠይቅ ስል ሳል ያዘው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በማግስቱም እንዲሁ። እናቴ ሳጥኑ ላይ ሆና በዓይኗ ትከተለኛለች፤ ዘመቻው እንደከሸፈ ስታይ ዓይኗን ወደ በሩ ትመልሳለች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ጣቱ ላይ ሰክቶ ኦክሲጅኑን የሚለካበት መሣሪያ ቁጥር ወረደ። በበሩ በኩል ቁጥሩን ሲያነብልኝ ድምፁ በአንድ ቃል መሃል ሁለቴ ተቆረጠ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ መንገድ ላይ ነው አሉኝ። ከሆስፒታል ከስቶም ቢሆን በእግሩ እንደሚመለስ አሁን አውቃለሁ። ያን ከሰዓት ግን ማንም አያውቅም ነበር። ከሄዱት ስንቶቹ አልተመለሱም። እናቴ ከሳጥኑ ላይ ሆና ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ።

በሩን ተደገፍኩ። «አባዬ፣ ወንድሜ የት ነው ያለው?»

«ማን ላከሽ?» አለ።

«እማ።»

«እዚያ አለች?»

«አጠገቤ ናት። እየሰማች ነው።»

ትንፋሹን ሲሰበስብ ይሰማኛል። «ጉብታው ላይ አይደለም» አለ። «ጉብታው ድንጋይ ነው። ወታደር ሲሞትብን በዲናሚት ነበር የምንቆፍርለት። ለእሱም እናምጣ አሉ። እንቢ አልኩ። ለዚያ ትንሽ ልጅ ዲናሚት? … ከውሃው ታንከር ሥር ነው። ሲንጠባጠብ ኖሮ መሬቱን አለስልሶታል። በእጅ የሚቆፈረው እዚያ ብቻ ነበር። ጥላም አለው።»

ታንከሩን አውቀዋለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። አራት የብረት እግሮች ላይ የቆመ፣ መርከብ የሚያመጣው ውሃ የሚገለበጥበት። ሴቶቹ በየጠዋቱ ጀሪካናቸውን ይዘው የሚሰለፉት እዚያ ነው፤ ሐሜቱም፣ ሳቁም፣ አማርኛውም እዚያ ነበር።

እናቴ ከሳጥኑ ተነሳች። አባቴ ከታመመ ጀምሮ ያላየሁት መልክ ፊቷ ላይ መጣ። እኔን አልፋ ራሷ ተናገረች።

«ከየትኛው እግሩ ሥር?»

«ከወርክሾፑ በኩል ካለው።»

ሕልም በሚመስል ድምፅ፣ ለእሱም ለእኔም ሳይሆን፣ «እዚያ ማንም ጀሪካን አያስቀምጥም ነበር» አለች። «ሰልፉ እዚያ ሲደርስ ይታጠፍ ነበር። እኔ ሞኟ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብዬ ጀሪካኔን አጋድሜ እቀመጣለሁ። ሁልጊዜ። ከሴቶቹ አንዷ እንኳ ተነሺ ብላኝ አታውቅም።»

«ባሎቻቸው ናቸው ከኔ ጋር የቆፈሩት» አለ አባቴ።

«ላዩ ላይ ነበር የምቀመጠው?»

«አጠገቡ። ሁሌም አጠገቡ።»

በሩን በመዳፏ መታችው። «ለምን አልነገርከኝም? ሳልሰናበተው ጥዬው መጣሁ እኮ!» አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እኔ ፊት፣ ጎጎ በአጥሩ ላይ እያየቻት።

«ብነግርሽ ውሃ መቅዳት ትተዪ ነበር» አለ። «እዚያ ውሃ ያልቀዳ አይተርፍም።» ሳለ። ሳሉ በረደለት። ቀጥሎ የተናገረው ቀስ ብሎ ስለነበር ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ። «በየጠዋቱ ሞተሩን ትቼ የወርክሾፑ በር ላይ እቆም ነበር። ስትስቂ፣ ሻሽሽን ፈትተሽ ስታስሪ፣ ቃል ተሳስተሽ ሲያርሙሽ … ሁለታችሁንም አያችሁ ነበር።»

የአምቡላንሱ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። እናቴ የበሩን እጀታ ያዘች፤ ከውስጥም ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ገባች። ጭንብሏን ሳጥኑ ላይ ረስታዋለች፤ አየሁት፤ አልጠራኋትም።