በጥርሱ የሚሰማው መርከበኛ

አባቴ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ነው ስላቸው ቴፒ ውስጥ የማይስቅብኝ የለም። «ባሕሩ የት ነው ታዲያ?» ይሉኛል። ይሳቁ። እውነቱን ልንገራችሁና አባቴ ራሱ ባሕሩን ያን ያህል አላየውም። በወጣትነቱ ምፅዋ ሲያገለግል ቦታው ከታች፣ የመርከቡ ሞተር ክፍል ነበር። ጓደኞቹ ከላይ ንፋስ ሲቀበሉ እሱ በዘይት ተለውሶ ሞተር ሲያዳምጥ ነው የኖረው። ባሕር ኃይሉ ሲበተን አገሩ ገባና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ማሽን ላይ ተቀጠረ። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ሰው ማሽን የሚሰማው በጆሮው ነው፤ አባቴ በጥርሱ። ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ ያለበት ብረት ላይ ያስደግፍና፣ እጀታውን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ንዝረቱን ያዳምጣል። ሠራተኞቹ «ጋሼ ምሳቸውን እየበሉ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። መርከቡ ላይ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የታመመውን ሞተር የሚለዩት እንዲህ ነበር።

ያው ጩኸት ግን ጆሮውን በላው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከኋላው ስጠራው አይዞርም፤ ፊት ለፊት ከሆንን ከንፈሬን አይቶ ይመልሳል። «አባዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው «ምን ሆንኩና?» ብሎ ይቆጣል። አለመስማቱ ከታወቀ ከማሽኑ ያነሡታል፤ ከማሽኑ ከተነሣ ቀሪው ዕድሜው ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ነው። አባቴ ፈሪ ሰው አይደለም፤ ይህን ግን በጣም ይፈራ ነበር።

ባለፈው ዓመት የጣቢያው ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ለቀማው በደራበት አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ግቢው በእሸት ቡና ጆንያ ተሞልቶ ገበሬው ተሰልፎ ሳለ አባቴ ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣና «አጥፉት፤ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» አለ።

ከሚዛን ተፈሪ የመጣው ጎልማሳ መካኒክ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። «ምንም የለውም፤ ጤነኛ ነው» አለኝ። እኔም አዳመጥኩ፤ ለእኔም ጤነኛ ነበር። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ይቦካል፤ የሰው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ማሽኑ በለቀማው መሀል ቢሰበር ደግሞ የዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱ ቡና ሁሉ ይቦካል።

መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ጋሼ ይሰማሉ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። የተናደድኩት ደግሞ እውነቱን ስለሆነ ነው። ግን አባቴ ስለ ማሽን ሲሳሳት አንድ ቀን አይቼ አላውቅም።

«አጥፋው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝ ነገር አይወራም። አንዱ ገበሬ «ለእሷ አባቷ ናቸው፤ ቡናው ግን የእኛ ነው» አለ። ቺንጋውን አወለቁ፤ ብሎኑን ፈቱ። ኩሽኔታው ሲወጣ ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ትንሽ ቢቆይ ዘንጉን ይዞት ይሄድ ነበር። መካኒኩ አገላብጦ አየውና ራሱ ወደ መጋዘን ሮጠ። አዲስ አምጥተን ገጠምን፤ ሳይመሽ ማሽኑ ተነሣ። ያ ገበሬ ራሱ መጥቶ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጠው።

አባቴ በዚያው እጁን ታጥቦ ቤቱ ቢሄድ ማን ይጠይቀዋል? ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጆሮው ደፍሮ የሚያነሣ አይኖርም ነበር። ደስ ብሎኝ ልሸኘው ስጠጋ እሱ መካኒኩን በጣቱ ጠራው። ካቻቢቴውን ጠርጎ ሰጠው፤ እንዲነክሰው ነገረውና ጫፉን ራሱ ብረቱ ላይ አስደገፈለት።

«ደህና አድርገህ ስማው» አለው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። «ጤነኛው እንዲህ ነው። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። አሁን ጥርሴም መነቃነቅ ጀምሯል።»

ስለ ጥርሱ እኔም አላውቅም ነበር።