ሽቦውን ይዤ የቆየሁበት ዓርብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የደንበኞችን ስም በጨርቃቸው ጫፍ ላይ በጠመኔ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወደምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ኢንተርኔት ሊያስገቡ ሰዎች መጡ። ከሄዱ በኋላ ወለሉን ስጠርግ ቆርጠው የጣሉት ቁራጭ ሽቦ አገኘሁ። ሰማያዊ ነው። አንስቼ በሁለት ጣቶቼ ያዝኩት፤ ከዚያ መጥረጊያውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ የምኖረው እዚሁ ከተማ፣ ታቦር ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር። እናቴ ስትሞት ከሶዶ አምጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሰው የምፈራው እኔ እሳቸውን የማልፈራቸው ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ክረምት ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ ለእኔም ገብቶኝ ነበር፣ ለእሳቸውም።

ልጃቸው ትዕግስት ኩዌት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሠሪዎቿ ሲወጡ በኮምፒውተር ትደውላለች። ኮምፒውተሩን የገዛችው ራሷ ናት፤ የአባቷ ዓይን ስለደከመ በጎረቤት ስልክ ላይ መልኳን መለየት አቅቷቸው ነበር። ዕቃው አሮጌ በመሆኑ ያለ ሽቦ ኢንተርኔት አይቀበልም። ስለዚህ ሳሎን ካለችው የኢንተርኔት ሣጥን ተነስቶ፣ በግድግዳው ሥር ሥር እስከ ጋሼ ክፍል የሚሄድ ሰማያዊ ሽቦ ነበረን።

የሐኪሙን ቃል ለትዕግስት አልነገርናትም። ጋሼ ከልክለውናል። «ውሏ ሳያልቅ አይለቋትም፤ ማልቀስ ብቻ ነው የሚተርፋት። አንዴ ፊቷን ልይ፣ ይበቃኛል» ብለው።

ሐሙስ ዕለት አልጋቸውን ወደ መስኮቱ እንድናስጠጋላቸው ጠየቁን። ከዚያ መስኮት ከጎረቤት ጣሪያዎች ባሻገር ሐይቁ ይታያል። እኔና አክስቴ የብረት አልጋውን እየጎተትን አስጠጋነው። ሐይቁን ግን ያዩት አይመስለኝም። በክረምት ሐይቁም ሰማዩም አመድ ነው የሚመስሉት፤ ለደከመ ዓይን ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ብቻ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተኙ።

በማግስቱ አክስቴ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ዓሣ አምጥታ ሾርባ ሠራች። ጋሼ ቀመስ አድርገው ተዉት። የመደወያው ሰዓት ሲቃረብ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ኢንተርኔት የለም አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ሣጥኗንም ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አክስቴ «ይሄ ዝናብ ነው መስመሩን ያበላሸው» አለች። ጋሼ ሰዓት ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ።

ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን በረከት የሚባል ሰው ነበር። በአክስቴ ስልክ፣ በዚያች ቁልፍ ባላት ተራ ስልክ፣ ደወልኩለት። ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ ያልበኛል።

«ሣጥኗ ላይ መብራት አለ?» አለኝ።

«አለ። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። የእኛ ሽቦ የገባባት ብቻ ጠፍታለች።»

«እንግዲያው ዝናቡን አትውቀሱት። ችግሩ እዚያው ቤታችሁ ነው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። ምነው ግን ድምፅሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?»

«አይ፣ ታቦር ነኝ።»

ሳቀ። «ነገ አዲስ ሽቦ ይዤ እመጣለሁ።»

«ነገ አይሆንም» አልኩት። ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«ዛሬማ ሻሸመኔ ነኝ፣ የኔ እህት።»

ተንበርክኬ ሽቦውን ተከተልኩት። በሳሎኑ ምንጣፍ ሥር፣ በበሩ ጥግ፣ ከዚያ አልጋው ሥር። የአልጋው አንዱ እግር ላዩ ላይ ቆሟል፤ ትናንት ስንጎትት ነው። አክስቴ አልጋውን ከነጋሼ ትንሽ ቀና አደረገችልኝና ሽቦውን ሳብኩት። ተጨፍልቋል። በጣቶቼ ጠበቅ አድርጌ ወደ አንድ ጎን ሳጎብጠው ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት አገኘ። ስለቀው ጠፋ። በፕላስተር ጠቅልዬ አሰርኩት፤ እጄን ሳነሳ እንደገና ጠፋ።

ስለዚህ ይዤው ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ወዲያው ተደወለ።

«ፀጉርሽን ምን ሸፈነው?» አሏት ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው።

«ሥራ ላይ እኮ ነኝ፣ አባዬ።»

«እስቲ ግለጪው።»

ሻሿን ስታወልቅ እኔ ካለሁበት አይታየኝም። የጋሼን ትንፋሽ ነው የሰማሁት። «እናትሽን መሰልሽ» አሉ።

«እኔ መቼ እንዲህ ወፍሬ አውቃለሁ» አለች አክስቴ። ትዕግስት ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ጣቴ ተንሸራቶ ነበር።

«ሄደች?» አሉ ጋሼ። ያን ድምፃቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሽቦውን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። ተመለሰች።

«ምግብ ትበላለህ፣ አባዬ?»

«አሁን የዓሣ ሾርባ ጠጣሁ። እናትሽን ጠይቂያት።»

«ጨረሰው» አለች አክስቴ። ሳህኑ ከእኔ አጠገብ ወለሉ ላይ ነበር። ሾርባው በርዶ ላዩ ረግቷል።

«ጫማ ገዝቼልሃለሁ። ቁጥርህ ያው ነው አይደል?»

«ያው ነው» አሉ።

ከዚያ በሲዳምኛ ማውራት ጀመሩ። ቋንቋውን ያኔ እምብዛም አልሰማም ነበር፤ የእሷን ስም ደጋግመው ሲጠሩ ብቻ ለየሁ። እጄ ደንዝዟል፣ እግሬም ተኝቷል። ዝናቡ ሲያባራ አሠሪዎቿ መጡባትና ቻው ሳትል ዘጋችው። አክስቴ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ ልልቀቀው አልልቀቀው ሳላውቅ ሽቦውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

በረከት በማግስቱ አዲሱን ሽቦ አምጥቶ ዘረጋው። ደህና ይሠራል፤ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ግን አልነበረም። ጋሼ ከዚያ ማታ ጀምሮ መናገር አቁመው ነበር፤ ሰኞ ንጋት ላይ አረፉ። ጫማው ከወራት በኋላ ከኩዌት ከተመለሰች አንዲት ሴት ጋር መጣ። አክስቴ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው።

ያገኘሁትን ቁራጭ ሽቦ አልጣልኩትም፤ ስፌት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሳየው የሚያሳዝነኝ የጋሼ መሞት ብቻ አይደለም። ለጠየቁኝ በቃል አልመለስኩላቸውም። እንደልማዴ አፍሬ፣ ዓይናቸው እዚያ ድረስ እንደማያይ ረስቼ፣ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። አሁን ብቻዬን ስሆን ድምፅ አውጥቼ እመልስላቸዋለሁ። ያሉኝ ይህን ነበር፦

«ልጄ፣ እጅሽ አልደከመም?»