የአያ ሰጠኝ መሳለሚያ

ማኪና ሲቆም ደሜ ይፈላል። በ1948 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሽሬ የጭነት ማኪና ስነዳ እህል እጭን ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ባላባቶች የገዟቸውን ፈረሶች። ፈረስ በጫንሁ ቁጥር አያ ሰጠኝ አብሮ ይመጣል።

አያ ሰጠኝ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን ፈረስ ጋጣ ውስጥ የፈጀ የዳባት ሰው ነው። ጋቢና ግባ ቢሉት አይገባም፤ ኋላ ከፈረሶቹ ጋር ቆሞ ይጓዛል። "ዝም ብለው የቆሙ ይመስልሃል እንጂ ኩርባው ሁሉ ጉልበታቸውን ይበላዋል። አሳርፋቸው" ይለኛል። ማን ሰምቶት! የእኔ ጭንቀት ጉም ሳይቀድመኝ የሊማሊሞን ቁልቁለት መጨረስ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ዳማ ፈረስ ደክሞት ወደቀና ሌሎቹ ረገጡት፤ አዲ አርቃይ ስንደርስ ሬሳውን አወረድን። አያ ሰጠኝ እንደ ዘመድ አለቀሰለት።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አመጣ። ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር የጋቢናውን ጣራ ይደበድባል።

"ውረድ እንጂ ዋኘው! በበቅሎ ያለ ሰው ደጅ ሲያይ ይወርድ የለ? ማኪናስ ከበቅሎ ትበልጣለች?"

ምን ልበል? ክርስቲያን ነኝ፤ እየተነጫነጭሁ እወርዳለሁ።

መስከረም ላይ ሁለት ወንድ ፈረስና አንዲት መጋላ ባዝራ ጫንን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆምን። ዳባት ላይ ቆምን። እዚያ ኮፍያዬን አውልቄ ስጸልይ ዘወር ብል፣ እሱ የባዝራዋን ጉልበት በሣር እያሸ፣ እንድትሸና ያፏጭላታል።

"ይኸ ነው መሳለም?" አልሁት።

"ጸሎትም አለበት" አለኝ።

ደባርቅ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር መነሣት ጀምሯል። እዚያም ቆምን። መሪውን በጣቴ እየጠበጠብሁ ስንቴ ጥሩንባ ነፋሁ! በመጨረሻ ቁልቁለቱን ጀመርን። እኩሌታውን ሳንወርድ ጣራው ተደበደበ።

"አቁም! ሚካኤል ነው! ሚካኤል!"

የምን ሚካኤል? እኔ የአዲ አርቃይ ልጅ ነኝ፤ በዚያ ገደል ስወጣ ስወርድ ነው ያደግሁት። እዚያ ቀዳሽም አስቀዳሽም ቢኖር ዝንጀሮ ነው። ፍሬን ያዝሁ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ወትፌ ልሰድበው ወደ ኋላ ሮጥሁ።

ባዝራዋ ጉልበቷ ከድቷት ተንበርክካለች። ፈረሶቹ ከግራና ከቀኝ ይራገጣሉ። አያ ሰጠኝ መካከላቸው ገብቶ ደረቷን በትከሻው ደግፏል።

"ተሳለም፣ ልጄ" አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ይህ ሰው በታቦት ስም በከንቱ የሚምል ሲሰማ ከቤቱ የሚያስወጣ ሰው ነው። ለአንዲት ባዝራ ብሎ ነፍሱን እንዳስያዘ ገባኝና አፈርሁ። ስድቤን ዋጥሁ። ኮፍያዬን አውልቄ ወደ ባዶው ገደል ሦስት ጊዜ እጅ ነሣሁ፤ ከዚያ ማኪናው ላይ ወጥቼ በሌላው ጎን ደገፍኋት። እንደምንም ተነሣች። እግሯ መንቀጥቀጡን እስኪተው ስንጠብቅ ጉሙ መጥቶ ዋጠን። አልተናደድሁም አልልም፤ ተናድጃለሁ። ግን አልተንቀሳቀስሁም።

አዲ አርቃይ ማኪናውን ከፍ ካለ መሬት አስጠጋሁት፤ ባዝራዋ በእግሯ ወረደች።

ፈረሶቹን ሽሬ አስረክበን ስንመለስ አያ ሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ገባ። ሊማሊሞ ላይ፣ "ዋኘው፣ እዚህ ታቦት የለም" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ አያ። አገሬ አይደል?"

ዳባት ላይ ወርዶ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቱ ቤት አመራ።

በሳምንቱ፣ ንስሐ አባቱ ሦስት መቶ ስግደት እንዳዘዙበት ሰማሁ። ዳባት ላይ ማኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። ግድግዳ ሥር ጉልበቱን ይዞ በግድ ሲነሣ አገኘሁት። ላቡ በጢሙ ይወርዳል።

"ምነው መጣህ?"

"እኔም እያወቅሁ ተሳልሜያለሁ። ስንት ቀረህ?"

"መቶ ሰማንያ።"

"እንግዲያው አንተ ቁጭ በልና እረፍ" አልሁት፤ ጫማዬንም አወለቅሁ።