የሐሙሱ ዝናብ

በደርግ ጊዜ ሞጣ ላይ የአየር ጠባይ ታዛቢ ሆኜ በምሠራበት ክረምት የመጀመሪያ ልጄ ተወለደ። ወንድ ስለሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ አርባ ደግሞ ዝናብ ነው ተብሎ አይገፋም። እናቴ ከቢቸና መምጣት ነበረባት። በክረምት ከደብረ ወርቅ ወዲህ ጭቃውን የሚደፍር መኪና አይገኝም፤ የቀረውን በበቅሎ በአቋራጭ ትመጣለች። አቋራጩ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። እሱን ሳስብ ልጄን ታቅፌ እንኳ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ሥራዬ ከባድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ዝናብ መለኪያውን አይቼ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቤ፣ ያገኘሁትን በቁጥር ቀይሬ በሬዲዮ ለአዲስ አበባ እናገራለሁ። ቁጥሩ ምስጢር የሚመስለው የቀበሌ ሊቀመንበር እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል። «ዛሬ ደግሞ ምን አልካቸው?» ይለኛል። «ትናንት ዘነበ አልኳቸው» እለዋለሁ። «ይኼንማ እኔም አውቃለሁ» ይልና ሳይነሳ ይቆያል።

በዚያ ዓመት አዲስ ነገር መጥቶ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ምድርን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ፣ የየካሬውን ነፋስ፣ እርጥበትና ግፊት አስልቶ የሚመጣውን ዝናብ በካርታ ያወጣል። ሞዴል ይሉታል። ካርታው አዲስ አበባ ሲደርስ ትንበያ ክፍል ያለው ባልደረባዬ በሬዲዮ ያነብልኛል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር፤ ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ሰማዩም ሳይታረስ አይቀርም ብዬ እኔም አምኜ ነበር።

ክርስትናው ሊደርስ ሲል፣ ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ፣ «ስማ፣ ሐሙስ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ከባድ ዝናብ ያሳያል። እንዲህ ሲያሳይ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እናቴ ረቡዕ ልትነሳ ነው ያሰበችው፤ ወንዙ ላይ የምትደርሰው ሐሙስ ነው።

«ቢቸና ላይ ነው ሞጣ ላይ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ሁለቱም አንድ ካሬ ውስጥ ናቸው እኮ፤ ጮቄ ተራራ ራሱ አብሯችሁ ነው ያለው።»

ቴሌ ሮጬ ጥሪ አስያዝኩ። እናቴን ከቤቷ ጠርተው አመጧት።

«ማን ሞተ?» አለች ገና ስልኩን እንዳነሳችው።

«ማንም አልሞተም። እማዬ፣ ሐሙስ ከባድ ዝናብ አለ። ነገውኑ ተነሽና ረቡዕ ወንዙን ተሻገሪ።»

«ማን ነገረህ?»

«መሣሪያ ነው፤ አስልቶ።»

«አንተ ታምነዋለህ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው እነሳለሁ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ጮቄ ጠቆረ፤ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ከሚስቴ ጋር መነጋገር እንኳ አልቻልንም። ልጁን ታቅፋ ታየኛለች፤ እኔ አላያትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። እየወጣሁ መለኪያውን አያለሁ፤ ሞልቷል፤ ለክቼ እደፋለሁ፤ ተመልሼ ስወጣ ደግሞ ሊሞላ ደርሷል።

ጠዋትን ሳልጠብቅ ለአዲስ አበባ ስናገር ባልደረባዬ ቁጥሩን እንደሰማ ጮኸ። «ያዘ! ሞዴሉ ያዘ! አንድ ቀን ብቻ ነው የሳተው፤ አንድ ቀን ምን አላት! እንኳን ደስ ያለህ!»

ሬዲዮውን አንስቼ ከግድግዳው ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። በዚያች አንድ ቀን እናቴ ወንዝ ዳር ናት ልለው ፈለግሁ። ዘጋሁትና እሷን ፍለጋ ተነሳሁ። አጠገቤ ተቀምጦ ነገሩን ከፊቴ ያነበበው ሊቀመንበር ያለ ምንም ጥያቄ ጃንጥላውን ሰጠኝ።

ከከተማው ብዙም ሳልርቅ አገኘኋት። ነጠላዋ ከገላዋ ተጣብቆ፣ በቅሎዋን እየሳበች፣ ከግንደወይን ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች ተከትለዋት ትመጣለች። ፊቷ በርቷል።

«ወንዙ ዳር ተኮልኩለው አገኘኋቸው» አለችኝ። «ተራራው ጠቁሯል፣ አንገባም፣ እዚሁ እናድራለን አሉ። ኧረ የዛሬ አይደለም! ልጄ የሐሙስ ነው ብሎኛል፣ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ተነሱ! አልኳቸው። ተያይዘን ገባን።»

መሀል ሲደርሱ ውሃው ከወገባቸው አለፈ። አንድ አህያ ከነጭነቱ ተወሰደ። የኋለኛው ሰው ዳር እንደረገጠ ደራሽ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። «አንተ ባትነግረኝ ማዶ ቀርተን ነበር» አለች። ነጋዴዎቹ ተራ በተራ ጨበጡኝ፤ አህያው የተወሰደበትም ጭምር፣ «እግዜር ይስጥህ» እያለ። መሣሪያው አንድ ቀን መሳቱን ሳልነግራቸው የበቅሎዋን ልጓም ተቀበልኳት።

ክርስትናው በደስታ አለፈ። በሳምንቱ እናቴ ጓዟን ጠቀለለች።

«ልጄ፣ መሣሪያህ ምን ይላል? ነገ ልሂድ?»

ባልደረባዬ በዚያው ጠዋት ቀላል ዝናብ ነው ብሎኝ ነበር። «አላውቅም» አልኳት።

«አውቀህ ነው! እንድሰነብትልህ ፈልገህ ነው» ብላ እየሳቀች ጓዟን መልሳ ፈታች።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ልጁን ታቅፋ ትጠይቀኛለች። በሬዲዮ ቀላል ዝናብ ይሉኛል፤ አንዳንድ ቀንም ምንም የለም ይሉኛል። እኔ «ዛሬም አይሆንም» እላታለሁ፤ እሷም አምናኝ ትቀመጣለች። የቢቸና ቤቷ ተዘግቶ መስቀልን ሞጣ ዋለች። ሄጄ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት በታች መጉደሉን በዓይኔ እስካይ ድረስ «ሂጂ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።