የማይከን ሙጫ

ማይከን ቱሬልን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የትንሿ ከተማችን የኤልቭሩድ ስፖርት አዳራሽ ጠባቂ ነኝ። ወለሉንም የምወለውለው እኔው ስለሆንኩ፣ የእጅ ኳስ ተጫዋች ማለት ለእኔ ከሁሉ በፊት ሙጫ ነው። ኳሱ ከእጃቸው እንዳያመልጥ ጣታቸውን የሚቀቡት የጥድ ሙጫ ወለል ላይ ከወደቀ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ይቀራል። ማይከን ደግሞ ትርፉን የግራ ጫማዋ ተረከዝ ላይ ትለጥፍና በጨዋታ መሃል ጎንበስ ብላ ቆንጠር ታደርግ ነበር። ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ!

ያው ተረከዝ ጀርመን ድረስ ወሰዳት፤ ለብሔራዊ ቡድንም ሰማንያ ጊዜ ተሰለፈች። ቀኝ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ ተመልሳ ለእኛ መጫወት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፖስታ ማደል ጀመረች። ሰው እንዴት ይወዳታል! ደብዳቤ እንደማይመጣላቸው እያወቁ እንኳ በር ላይ ቆመው የሚጠብቋት አሮጊቶች አሉ።

ጣጣው የመጣው አዳራሹ ውስጥ ከሚለማመዱት ልጆች ነው። ሴቶቹ ልጆች ሁሉ እንደ እሷ ግራ ተረከዛቸው ላይ ሙጫ ለጠፉ። የበሩ እጀታ፣ ወንበሩ፣ በጨዋታ ቀን የሚሸጠው የቀረፋ ዳቦ ሳይቀር ተጣበቀ። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሰኞ ወለሉ ይፈተሻል፤ ሙጫ ከተገኘ ልጆቹ ከአዳራሹ ይወጣሉ። በአርባ ኪሎሜትር ዙሪያ ሌላ አዳራሽ የላቸውም።

ቅዳሜ የማይከን የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ሳትገባ በር ላይ ያዝኳት።

«ሙጫውን ተዉ በያቸው እንጂ! እኔን እንደሆን አይሰሙኝም።»

«ልጅ መቼ የተነገረውን ሰምቶ ያውቃል፣ ሲክስተን? አንተስ ትሰማ ነበር?»

«እኔ ወለል አላበላሸሁም!»

«መስኮት ግን ሰብረሃል። እናትህ ነግረውኛል።»

ተናድጄ ሄድኩ።

አራት ጎል አስቆጠረች፤ አሸነፍን። ልጆቹ ለፊርማ ተሰለፉ። እሷ ግን ሳታስፈቅደኝ ከዕቃ ክፍሌ ባልዲ፣ ጨርቅና ሙጫ የሚያስለቅቅ የምግብ ዘይት አውጥታ ሜዳው መሃል ተንበረከከች፤ ሙጫውን ትፈትግ ጀመር።

«ማይከን፣ ፊርማ!» አለቻት የሰባት ዓመቷ ቱቫ።

«ቆይ፣ ልጨርስ። የራሴ ሙጫ እኮ ነው።»

ቱቫ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ከባልዲው ጨርቅ አንስታ አጠገቧ ተንበረከከች። ሌላዋም ተከተለች፤ ሌላዋም። «ተዉ፣ የእኔ ሥራ ነው» ልል ብዬ ተውኩትና ተጨማሪ ጨርቅ አመጣሁላቸው።

ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። ምንም አላገኘም።

ማይከን መጫወት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። ዛሬም ከልምምድ በኋላ አሥራ ስምንት ልጆች ጨርቃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ሁሉም በግራ ጉልበታቸው ብቻ ተንበርክከው ቀኝ እግራቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ማይከን ያን ቀን እንደዚያ የተንበረከከችው ቀኝ ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ ስላላት ነበር። እስካሁን አልነገርኳቸውም።