በሳምንት ሁለት ግጥሚያ

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ካለች አንዲት ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ እጠጣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያልተውኩት ልማድ ይሄ ብቻ ነው። ባንኮኒው ጋ ያለው ሰውዬ የሰፈሩ ልጅ ነው። ቦክሰኛ እንደነበርኩ ስለሚያውቅ «ጋሼ፣ ማኪያቶው በነጥብ ይሁን በዝረራ?» ይለኛል። በነጥብ ወተት የበዛበት ነው፣ በዝረራ ደግሞ ጠቆር ያለው። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። አሁን «በዝረራ» ብቻ እለዋለሁ።

ቴሌቪዥኑ የውጭ አገር ቦክስ ያሳየ ቀን ክርክር አይቀርም። የዛሬ ቦክሰኛ ይበልጣል ወይስ የድሮ? ወጣቶቹ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ልምምዱ ያወራሉ። «የዛሬው ፈጣን ነው ጋሼ፤ እናንተ እኮ ቆማችሁ ነበር የምትደባደቡት» ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰውን እመልሳለሁ። «የዛሬው በዓመት ሁለቴ ይገጥምና ግማሹን ዓመት ያርፋል። እኛ ቅዳሜ ገጥመን፣ እሑድ ሰው ከጎደለ ደግመን እንገባ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራችን ላይ ነን።» ከዚያ ጸጥ ይላሉ። ውሸት አላወራኋቸውም። ለዓመታት በዚህ መልስ ሳሸንፋቸው ኖሬያለሁ፤ ባለፈው ዓመት ግን መልሱ ራሱ ከበደኝ። እንዴት እንደከበደኝ ልናገር።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነበር፣ ጥራዝ ክፍል። የክለባችን መለማመጃ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ የነበረ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ጣውላው መሃል ላይ የሰረጎደ መድረክ ነበረን፤ ከጣሪያው አሸዋና ጨርቅ የታጨቀበት ጆንያ ተንጠልጥሏል። ለአሥራ ስምንት ሰው ስድስት ጥንድ ጓንት ነው ያለው። ጓንቱን አውልቀህ ለሚቀጥለው ስትሰጠው በላብህ ርሷል፤ እሱም ሳይጠየፍ ያጠልቀዋል። የራስ መከላከያ አንድ ነበረን፤ ያደረገ ሰው ስለሚሳቅበት ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። አውራ ጣቴ ተሰብሮ ሦስት ግጥሚያ ገጥሜያለሁ። በቀኝ እጄ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ እናቴ እያየችኝ በግራ እበላ ነበር። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ፣ የወረቀት መቁረጫው ነው እላታለሁ።

ከሁላችንም የጠነከረው ጓደኛዬ ነበር። ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ፣ በሙያው አናጺ፣ የሌላ ክለብ ቦክሰኛ ነው። አምስት ጊዜ ተገናኝተን አራቱን እሱ፣ አንዱን እኔ አሸንፈናል። ቡጢ መሸሽ አያውቅም። ሕዝቡ የሚወድለት ሲማታ ሳይሆን ቡጢ ሲቀበል ነበር። ሌላውን ሰው የሚዘርር ቡጢ ፊቱ ላይ አርፎ እሱ ፈገግ ሲል አዳራሹ ይናጋል። ከመድረክ ውጪ ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። የአልጋዬን ራስጌ የሠራልኝም እሱ ነው።

አሁን ሰባ ሊሞላው ነው። የኖሩበት ግቢ ከፈረሰ በኋላ ከሚስቱ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የጠዋቱን ከሰዓት አያስታውሰውም። ሚስቱ እንደምትለኝ አንዳንድ ቀን በር ላይ ቆሞ መዶሻዬን ስጪኝ፣ ሥራ ረፈደብኝ ይላል። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ እሱ ሳወራ ይህንን አንስቼ አላውቅም። የማወራው ስለ ጥንካሬው ነው።

የታናሽ እህቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ቦክስ ትጫወታለች። ሴት ልጅ ቦክስ ስትጫወት ማየት ጊዜ ወስዶብኝ ነበር፤ በኋላ ግን የግራ እጇን ሳይ በልቤ ኮራሁ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ቤት መጣችና አሰልጣኟ አንድ ወር እረፍት እንደሰጣት ነገረችኝ።

«ምን ሆነሽ?» አልኳት።

«ልምምድ ላይ አገጬን ተመታሁና ለአፍታ ዓይኔ ጨለመ።»

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም።»

«ሳትወድቂ አንድ ወር? እኛ ወድቀን ተነስተን በሳምንቱ ነበር የምንገጥመው።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «እነዚያ ወድቀው የተነሱት አሁን የት ናቸው ጋሼ?» አለችኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ የምሯን ጠይቃኝ ነው። በሐሳቤ መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ሞቷል። አንዱ የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል። አንዱ ጠጥቶ ጠጥቶ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። «አሉ» አልኳት።

እሷም የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችኝ። አሰልጣኙ የድሮ ቦክሰኞች መጥተው ልጆቹን እንዲያነጋግሩለት ይፈልጋል። እሺ አልኩ። ጓደኛዬንም ይዤ እንደምመጣ ተናገርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ጠንካራ ሰው ምን እንደሚመስል ላሳያቸው ብዬ ነው።

ሚስቱ ጋ ስደውል «ይምጣ፣ ፒያሳን ካየ ቆይቷል። ግን ብቻውን አልለቀውም፣ አብሬው እመጣለሁ» አለች። ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ መውረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። ኮቱን ለብሶ፣ ጫማው ተወልውሎ ክንዷን ይዞ ወረደ። አቀፈኝ፤ ስሜን ግን አልጠራም። ቸርችልን ይዘን ቀስ ብለን ሽቅብ ወጣን። በሰፊው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ በየአሥር እርምጃው እየቆመ የፈረሱት ቤቶች የነበሩበትን ያያል።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

«ሰፈር ቀየሩ።»

ጥቂት ሄድንና «የት ነው የምንሄደው?» አለ። ልጆች ልናነጋግር አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርኩት። በሦስተኛው «ልምምድ» ስለው ፊቱ በራ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

መለማመጃው የአንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። መስታወት አለው፤ ሁሉም የየራሱ ጓንት አለው። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠው እኛን ወንበር ላይ አስቀመጡን። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። ስለ ጓንቱ፣ ስለ አውራ ጣቴ፣ በአንድ ዓመት ሠላሳ ጊዜ ስለ መግጠሜ አወራኋቸው። በትክክለኛው ቦታ ሳቁልኝ፤ በትክክለኛው ቦታ ዝም አሉልኝ። የእህቴ ልጅ ከኋላ ቆማ ታዳምጣለች። ከዚያ አሰልጣኙ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ረጋ ያለ ሰው፣ ወደ ጓደኛዬ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይሉናል?» አለው።

ጓደኛዬ ተነሳ፣ ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣትና ጥግ ላይ ወደ ተንጠለጠለው የልምምድ ጆንያ ሄደ። እጁን ሲያነሳ መንቀጥቀጡ ቆመ። ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። እግሩ እንደ ድሮው ባይሆንም ቦታውን ያውቃል። ልጆቹ ተነስተው ቆሙ፤ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ፤ አጨበጨቡ። የእኔም ደረት ተነፋ። እሱ ግን አላቆመም። ጭብጨባው ካለቀ በኋላም ይመታል። ትንፋሹ ይጮኻል፤ የጣቱ መገጣጠሚያ ተልጦ ጆንያው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ሚስቱ «በቃ፣ በቃህ እንጂ» አለችው፤ አልሰማትም። ሄጄ ክርኑን ያዝኩት።

ዞሮ አየኝ። «ስንተኛው ዙር ነው?» አለኝ።

«አልቋል።»

«ዛሬ ከማን ጋር ነው የምገጥመው?»

ለቀልድ ያህል «ከእኔ ጋር» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «እንግዲያው ራሴን አትምታኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ያመኛል» አለኝ።

ራሱን እንደሚያመው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ነግሮኝ ያውቃል፤ አርባ ዓመት አልፎታል። እኔ ባሸነፍኩበት እሑድ ነው። በአንድ ክፍል ነበር ልብስ የምንቀይረው። ረቡዕ ዕለት ከክፍለ ሀገር ከመጣ ከባድ ልጅ ጋር ገጥሞ ነበርና፣ ካልሲውን እየጎተተ «ከረቡዕ ጀምሮ ራሴን ያመኛል» አለኝ። ምንም አልለመነኝም። ለጓደኛው ነው የነገረው። እኔ ወጥቼ ለአሰልጣኜ ነገርኩት።

«ጥሩ አደረግህ» አለኝ አሰልጣኜ። «ሆዱን ተወው።»

ሆዱን ተውኩት። ሁለት ዙር ሙሉ ራሱን ብቻ መታሁ። በሦስተኛው ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያይም። እጁ ወርዷል። ለአፍታ ቆሜ ዳኛውን አየሁት፤ በእጁ ቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ሕዝቡ «አይወድቅም፣ አይወድቅም» እያለ ነው። አራት ጊዜ መታሁት። በነጥብ አሸነፍኩ። ሲመሽ ተያይዘን ውቤ በረሃ ወጣን፤ ሰው ሁሉ ቢራ የሚጋብዘው እሱን ነበር፣ አልወደቀማ። ሥጋ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንደበላ ወጥቶ አስታወከ። ከእኛ አንዱ «ቢራው ነው» አለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ ገጠመ። ኬክ ቤት የምኮራበት የእኛ ጊዜ ብርታት፣ ያለ እረፍት መግጠም፣ ይሄ ነው።

«እሺ» አልኩት። «ራስህን አልነካህም።»

ራሱን ነቅንቆ ተከተለኝና ተቀመጠ። ልጆቹ ያወራነውን አልሰሙም፤ እንደገና አጨበጨቡ። አሰልጣኙ ንግግሬን እንድቀጥል ጠየቀኝ። ደክሞኛል ብዬ ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ ፋሻ አምጥታ የጓደኛዬን ጣቶች አሰረችለት። እጁን እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ሰጣት።

ስንመለስ ኬክ ቤቷ ገባን። ጓደኛዬ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ኬኩን በማንኪያ እየቆረሰ ይበላል። ለሚስቱ ያን እሑድ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ራሱን እንዳመመው ነግሮኝ እንደነበር፣ ለአሰልጣኜ መናገሬን፣ ዳኛውን ማየቴን። እሷ ከጉንጩ ላይ ክሬም እየጠረገች አዳመጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ያኔውኑ ነግሮኛል። ለአሰልጣኙ ሳይነግረው አልቀረም ብሎኝ ነበር።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር አለ። ስቆ ነው የነገረኝ።» ሶፍቱን አጣጥፋ አስቀመጠችና «እኔ ግን አልሳቅኩም። ለብዙ ዓመት ቤቴ ስትመጣ ምግብ ያቀረብኩልህ እሱ ስለሚወድህ ነው» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቁጣውን ጨርሳዋለች፤ አሁን ያለባት እሱን ማጠብ፣ ማልበስ፣ በር መቆለፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ ከእሱ ጋር እውላለሁ፤ እሷ ገበያዋንና ቤተ ክርስቲያኗን ትደርሳለች። ይቅርታ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም የምትጠብቅ አይመስለኝም።

የእህቴ ልጅ እረፍቷን ጨርሳ በክረምቱ መግቢያ ገጠመች። ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየሁ። አንደኛውን ዙር በደንብ ይዛው ነበር። በሁለተኛው ቀኝ እጅ ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈባት፤ አልወደቀችም፣ ግን ጉልበቷ አንዴ ታጠፈ። ዳኛው ቆጠረባት። ቆጥሮ ሲጨርስ እጇን አንስታ ደህና ነኝ አለች። አሰልጣኟ ግን ግጥሚያው እንዲቆም ፎጣውን ወረወረ። አዳራሹ አፏጨ። ከጎኔ የነበረ ሰው «ምን ዓይነት ቦክስ ነው ይሄ?» አለኝ፤ ዕድሜዬን አይቶ አብሬው የማማ መስሎት። ተነስቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

ልብስ መቀየሪያው ገብቼ ሳያት በንዴት እያለቀሰች ነበር።

«መቀጠል እችል ነበር ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«እናንተ ብትሆኑ ትቀጥሉ ነበር።»

«እንቀጥል ነበር» አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ እጇ ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ መፍታት ጀመርኩ። ማልቀሷን እስክትጨርስ ሁለቱንም እጆቿን ቀስ ብዬ ፈታሁ። ከዚያ ታክሲ ይዘን ቤት አደረስኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስደውል እህቴ አነሳችና ተኝታለች አለችኝ። ቀስቅሻት አልኳት። ምን ሆነሃል ብላ ተቆጣችኝ፤ ቢሆንም ሄዳ ቀሰቀሰቻት።

«ራስሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም ጋሼ። እንቅልፌን ልተኛ» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።